መሠረቱ ሲለወጥ፦ የክላውድ ሰርቨሮች ከዜን ወደ ኬቪኤም ያደረጉት ዝውውር

ክላውድ በሚባለው አገልግሎት ደንበኛው ተከራይቶ «የእኔ ሰርቨር» የሚለው ነገር በአብዛኛው ራሱን የቻለ መሣሪያ አይደለም፤ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር በሶፍትዌር ተከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ፕሮሰሰር፣ ሜሞሪ፣ ዲስክና የኔትወርክ ካርድ ያለው መስሎ እንዲታይ የተደረገ ቨርቹዋል ማሽን ነው። ክፍፍሉን የሚሠራውና የሚቆጣጠረው ሶፍትዌር ሃይፐርቫይዘር ይባላል። ቨርቹዋል ማሽን ከአንድ የብረት ሣጥን ጋር ስላልተጣበቀ ወደ ፈለጉበት መውሰድ ይቻላል የሚለው አባባል እውነትነት ያለው ሃይፐርቫይዘሩ እስካልተለወጠ ድረስ ብቻ ነው። ማሽኑ ከብረቱ ነጻ ቢወጣም ብረቱን መስሎ ከሚቀርብለት ሶፍትዌር ግን ነጻ አልወጣም፤ የዝውውሩ ችግር በሙሉ ማለት ይቻላል የሚመነጨው ከዚህ ነው።

በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሠራውና አሠራሩ በ2003 እ.ኤ.አ. በጥናታዊ ጽሑፍ ይፋ የሆነው ዜን የተባለው ሃይፐርቫይዘር በተወለደበት ጊዜ የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች እንዲህ ላለው ክፍፍል የተዘጋጁ አልነበሩም። ስለዚህ ዜን የመረጠው መንገድ በውስጡ የሚሠራውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከማታለል ይልቅ እውነቱን ነግሮ ማስማማት ነበር፤ ይኸውም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ተሻሽሎ፣ ዲስክ ወይም ኔትወርክ ሲያስፈልገው ብረቱን እንደሚያዝ ከመምሰል ይልቅ ሃይፐርቫይዘሩን በቀጥታ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። ዘዴው ፈጣን ስለነበረ አማዞን በ2006 የሰርቨር ኪራይ አገልግሎቱን ሲጀምር በዜን ላይ አቆመው፤ ሊኖድን የመሳሰሉ አነስተኛ አከራዮችም ለዓመታት ተጠቅመውበታል።

ይሁን እንጂ ኢንቴል በ2005፣ ኤኤምዲም በ2006 ለቨርቹዋል ማሽን የሚሆን ድጋፍ በፕሮሰሰሮቻቸው ውስጥ ሲያስገቡ የዜን ብልሃት የቀድሞ ብልጫው ቀነሰ። ኩምራኔት በተባለ የእስራኤል ኩባንያ የተጀመረው ኬቪኤም ይህን የብረት ድጋፍ ተጠቅሞ ሊነክስ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከርነል ራሱን ወደ ሃይፐርቫይዘርነት የሚለውጥ ሲሆን፣ በ2007 መጀመሪያ የሊነክስ አካል ሆነ፤ ኩባንያውንም በ2008 ሬድ ሃት ገዛው። ሊኖድ በሰኔ 2015 ወደ ኬቪኤም መዞሩን አስታወቀ። አማዞን ደግሞ በኅዳር 2017 ናይትሮ የተባለውን፣ በኬቪኤም ላይ የተመሠረተውንና የዲስኩንና የኔትወርኩን ሥራ ለብቻቸው ለተሠሩ ካርዶች ያስተላለፈውን ሥርዓት ይዞ ቀረበ።

በአንድ ዓይነት ሃይፐርቫይዘር ሥር ባሉ ሁለት ኮምፒውተሮች መካከል ቨርቹዋል ማሽን ሥራውን ሳያቋርጥ ሊዛወር ይችላል፤ ሜሞሪው በጥቂት በጥቂቱ ይገለበጥና በመጨረሻ ለቅጽበት ያህል ቆሞ በሌላው ላይ ይቀጥላል። ከዜን ወደ ኬቪኤም ሲሆን ግን በሥራ ላይ ያለው ከርነል ከዜን ጋር የተዋዋላቸው የመገናኛ መስመሮች በሌላው ወገን ፈጽሞ ስለሌሉ፣ ማሽኑ መጥፋት፣ ዲስኩ መገልበጥ፣ ከዚያም እንደገና መነሳት አለበት። ሊኖድ ይህን ለደንበኞቹ በአንዲት ቁልፍ ጠቅታ የሚከናወን አድርጎት ነበር። ዲስኩን መገልበጡ በእርግጥም ጊዜ የሚወስድ እንጂ የሚከብድ ሥራ አይደለም።

የሚከብደው መነሳቱ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማንኛውንም መሣሪያ የሚያናግረው ድራይቨር በሚባል አነስተኛ ፕሮግራም አማካይነት ሲሆን፣ ዜን፣ ኬቪኤምና ናይትሮ ዲስክን የሚያቀርቡባቸው መንገዶች የተለያዩ ስለሆኑ እያንዳንዱ የራሱን ድራይቨር ይፈልጋል። ሊነክስ ሲነሳ ዋናውን ዲስክ ከማንበቡ በፊት በጣት የሚቆጠሩ ድራይቨሮችን የያዘ ትንሽ የመነሻ ፋይል ወደ ሜሞሪ ይጭናል፤ ይህ ፋይል እንዳይገዝፍ ሲባል በርካታ የሊነክስ ዓይነቶች የሚያስገቡበት ፋይሉ በተዘጋጀበት ማሽን ላይ ያሉትን መሣሪያዎች ድራይቨር ብቻ ነው። በዜን ላይ ለዓመታት ያለ እንከን የሠራ ሰርቨር ወደ ናይትሮ ሲዛወር አዲሱን ዲስክ የሚያነብበት ድራይቨር በዚያው ሊያነበው ባልቻለው ዲስክ ላይ ተቀምጦ ይቀራል፤ ቁልፉ ከውስጥ ተረስቶ በሩ እንደተቆለፈበት ቤት መሆኑ ነው። ዊንዶውስም ቢሆን ድራይቨሩ አስቀድሞ ካልተጫነለት የመነሻ ዲስኩን ማግኘት እንደተሳነው በሰማያዊ ገጽ አስታውቆ ይቆማል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ድራይቨሮቹን መጫንና የመነሻ ፋይሉን እንደገና ማዘጋጀት ብቻ ይጠይቃል፤ መወሰድ ያለበት ግን ማሽኑ ገና በቀድሞ ቦታው እየሠራ ሳለ ነው።

ድራይቨሩ ከተገኘ በኋላም የስም ጣጣ ይከተላል። በዜን ላይ «ኤክስቪዲኤ» ይባል የነበረው የመጀመሪያው ዲስክ በሊኖድ ኬቪኤም ላይ «ኤስዲኤ» የሚል ስም ወጣለት፤ በናይትሮ ላይ ደግሞ ስሞቹ ዲስኮቹ በታዩበት ቅደም ተከተል ስለሚሰጡ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ሊቀያየሩ ይችላሉ። አስተዳዳሪው የዲስኮቹን ዝርዝር በስማቸው ጽፎ ከሆነ ማሽኑ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ስለዚህ በዲስኩ ላይ የተጻፈውንና ዲስኩ የትም ቢሄድ የማይለወጠውን መለያ ቁጥር መጠቀም ይመረጣል። የኔትወርክ ካርዱ ስምና መለያም ሊለወጥ ስለሚችል፣ በስሙ የተጻፉ የፋየርዎል ደንቦች ጥበቃቸው ይቋረጣል፤ ይህኛው ማሽኑን ስለማያቆመው ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላልና ከመነሳት እንቢታ የከፋ ነው።

ጠንቃቃ አስተዳዳሪ ከዝውውሩ በፊት የዲስኩን ቅጂ ወስዶ፣ ቅጂውን ከውጭው ዓለም በተለየ ኔትወርክ ውስጥ አስነስቶ ይፈትናል፤ ካልተለየ የሙከራው ማሽን እንደ እውነተኛው ሆኖ ለደንበኞች ደብዳቤ ሊልክ ወይም ክፍያ ሊደግም ይችላል። ብዙ ጊዜ ችላ የሚባለው የመመለሻው መንገድ ነው። አሮጌውን ማሽን ሳይሰርዙ ማቆየት ተገቢ ቢሆንም፣ አዲሱ ሥራ ጀምሮ አዳዲስ መረጃ ከተጻፈበት በኋላ ወደ አሮጌው መመለስ ያን መረጃ መጣል ማለት ስለሚሆን፣ መመለስ የሚቻልበት የመጨረሻ ሰዓት አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል።

ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ በኅዳር 2023 የሌላ ሃይፐርቫይዘር ባለቤት የሆነውን ቪኤምዌርን ገዝቶ አንድ ጊዜ ተከፍሎበት ለዘለቄታው የሚያገለግለውን ፈቃድ መሸጥ ካቆመ ወዲህ፣ ጉዳዩ ሰርቨሮቻቸውን በራሳቸው ግቢ ለሚያስተዳድሩ ተቋማትም የዕለት ሥራ ሆኗል። ከቪኤምዌር ወደ ኬቪኤም ለሚሻገሩት የዲስኩን ቅርጽ የሚለውጡና ድራይቨሩን በውስጡ የሚተክሉ መሣሪያዎች አሉ። አንዳንድ ባለሙያዎች ከነጭራሹ ማሽኑን ማዛወር ትቶ አዲስ ሰርቨር ከባዶ መገንባትና መረጃውን ብቻ መውሰድ ይሻላል ይላሉ፤ አቋማቸው ትክክል የሚሆነው ግን ሰርቨሩ እንዴት እንደተዋቀረ በጽሑፍ በሰፈረበት ቦታ ነው። ያዋቀረው ባለሙያ ምንም ማስታወሻ ሳይተው ሥራውን በለቀቀበት መሥሪያ ቤት የአወቃቀሩ ብቸኛ መዝገብ ያው አሮጌ ዲስክ ስለሆነ፣ እንዳለ ተሸክሞ ከመሄድ በቀር ምርጫ አይኖርም።