ተጨማሪ መረጃ፦ የዜማ ደቀ መዝሙርና ግቡ

ሙዚቃን ሙያው አድርጎ የያዘ ሰው ሩቅ ግቡን ከፋፍሎ እንዴት እንደሚደርስበት ለማወቅ ለሚሻ ሁሉ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የዜማ ትምህርት መልካም አብነት ነው። ወደ ዜማው ጉባኤ የገባ ደቀ መዝሙር፣ ምንም እንኳ የልቡ ምኞት የዜማው መጽሐፍ የድጓ መምህር መሆን ቢሆን፣ አስቀድሞ ለዐቢይ ጾም የተሠራውን ጾመ ድጓ ሳይዘልቅ የዓመቱን በዓላትና ሰንበታት ወደሚያዳርሰው ወደ ሰፊው ድጓ አይሻገርም፤ የዕለቱንም ቀለም አጥንቶ ለመምህሩ ካላሰማ ለነገ አዲስ አይሰጠውም። የዜማ ስልቶቹን ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን በጆሮው እየለየ፣ በፊደሉ ላይ የሰፈሩትን ድፋት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ጭረትና ርክርክ የመሳሰሉትን ምልክቶች በዓይኑ እየተከተለ ድምፁን ያርማል። በፍጻሜውም በጋይንት ወደምትገኘው ወደ ቤተልሔም ሄዶ፣ በሊቃውንቱ ፊት ተፈትኖ፣ የድጓ ምስክርነቱን ይቀበላል።

ከዚህ ሥርዓት የክራር፣ የማሲንቆ ወይም የፒያኖ ተማሪ የሚቀስመው ምክር ግልጽ ነው። «ስመ ጥር ሙዚቀኛ እሆናለሁ» ማለት ምኞት እንጂ ግብ አይደለም፤ «በዚህ ሳምንት ክራሬን በባቲ ቅኝት ቃኝቼ አንዱን ዜማ በዝግታ፣ ሳልሳሳት እደረድራለሁ፤ ቅዳሜም ለመምህሬ አሰማለሁ» የሚለው ግን የሚለካ፣ ቀን የተቆረጠለትና ሰሚ ያለው ስለሆነ በእውነት ግብ ይባላል። እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፣ የዛሬውን ሳታጸኑ ወደ ነገው አትቸኩሉ።