በሳምንት አንዴ ብቻ የምትዋጠው ቢጫ ኪኒን

አንድ ጓጉንቸር ቁልፍ ያንሡ። ከመሳቢያው የእሱ ያልሆነ፣ ግን የሚመስል መክፈቻ ይፈልጉና ይክተቱበት። ገባ፤ አልዞረም። ሳያወጡት ትክክለኛውን ለማስገባት ይሞክሩ እስኪ።

ሜቶትሬክሴት የሚባለው መድኃኒት ሥራው ይኸው ነው፤ ቀዳዳ መያዝ።

ጎመንና ምስር ውስጥ ያለው ፎሌት ሰውነታችን አዲስ ሴል ሲሠራ የግድ ያስፈልገዋል። እንዳለ ግን አይጠቅመውም፤ አንድ ኢንዛይም ተቀብሎ ያሰናዳዋል። ሜቶትሬክሴት መልኩ ፎሌትን ስለሚመስል ኢንዛይሙ ይቀበለዋል፤ መልቀቅ ግን ያቅተዋል። ያኔ ቀድሞ የሚጎዳው ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ሴል ነው። ካንሰር እንዲህ ነው። የአፋችን ውስጠኛ ሽፋንና ደም የሚመረትበት መቅኒም ግን እንዲሁ ናቸው።

ቦስተን ውስጥ ሲድኒ ፋርበር የተባለ ሐኪም፣ ፎሌት የደም ካንሰር ያለባቸውን ሕፃናት ሕመም የሚያባብስ መስሎ ቢታየው፣ «እንግዲያው የሚያግደውን ብንሰጥስ?» ብሎ አሰበ። በ1948 እ.ኤ.አ. ከሜቶትሬክሴት በፊት በነበረው አሚኖፕተሪን ለጊዜውም ቢሆን መሻሻል ማየቱን ጻፈ።

ዛሬ ሜቶትሬክሴት ከካንሰር ሌላ በትንሽ መጠን ለሩማቶይድ የመገጣጠሚያ ብግነትና ለሶርያሲስም ይታዘዛል። የራሱን ሰውነት የሚያጠቃውን መከላከያ ያበርዳል። ለእነዚህ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በስህተት በየቀኑ ወስደው የሞቱ ሰዎች አሉ።

ስህተቱ ለምን ይቀላል? ሜቶትሬክሴትንና ፎሊክ አሲድን (ፎሌት በኪኒን መልክ) ከማሸጊያቸው ሳያወጡ መብራት ሥር ጎን ለጎን ይዩዋቸው። የ2.5 ሚሊ ግራሙ ሜቶትሬክሴት ብዙ ጊዜ ቢጫ ነው። ጉዳቱን ለመቀነስ አብሮ የሚታዘዘው ፎሊክ አሲድም ብዙ ጊዜ ቢጫ ነው!

«ታዲያ ፎሊክ አሲዱ መድኃኒቱን አያፈርሰውም?» ይሉ ይሆናል። ሜቶትሬክሴት በትንሽ መጠን ሲወሰድ ለመገጣጠሚያ የሚሰጠው ጥቅም በአብዛኛው በሌላ መንገድ ነው የሚመጣው፤ አዴኖሲን የተባለ ብግነት የሚያበርድ ንጥረ ነገር እንዲበዛ በማድረግ። ስለዚህ ፎሊክ አሲዱ የአፍ መቁሰሉንና ማቅለሽለሹን ያቀላል እንጂ ጥቅሙን ብዙም አይነካም።

ከሐኪምዎ ጋር አንድ ቀን ይምረጡ። እሑድ ከሆነ ማሸጊያው ላይ በእስክርቢቶ «እሑድ» ብለው በትልቁ ይጻፉ። ረቡዕና ዓርብን የማይስት ጿሚ እሑድንም አይስትም። ካለፈዎት ደርበው አይዋጡ፤ ይጠይቁ።

መድኃኒቱ በብዛት የሚወጣው በኩላሊት ነው። እኛ አካባቢ፣ ዓለም ጤና ወይም መቂ ፀሐይ ላይ ቲማቲም ሲለቅሙ ውለው ውኃ ካልጠጡ፣ ወይም ተቅማጥ ከያዝዎ፣ ደም ውስጥ ሊከማች ይችላል። ጉበትንም ስለሚነካ አረቄው ቢቀር ይሻላል። ነፍሰ ጡር ሴት ለመገጣጠሚያዋ ብላ ፈጽሞ አትወስደውም። ማርገዝ ካሰበችም አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር።

ባክትሪም የተባለውን ፀረ-ተህዋሲያን መድኃኒትም ይጠንቀቁ! እሱም በተህዋሲያን ውስጥ ያንኑ ኢንዛይም ነው የሚያግደው፤ ከሜቶትሬክሴት ጋር ሲገናኝ መቅኒውን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። ፋንሲዳር የተባለው የወባ መድኃኒትም ያው ነው። በኢትዮጵያ በ2004 እ.ኤ.አ. በኮአርተም እስኪተካ ድረስ ፋልሲፓረም ለሚባለው የወባ ዓይነት ቀድሞ የሚታዘዘው እሱ ነበር፤ የድሮ ፍሬ ቤት ውስጥ ካገኙ አይንኩት።

ደም ለማስመርመር ከዓለም ጤና በሞጆ በኩል አዳማ ድረስ መመላለስ ያሰለቻል፤ ግን ነጭ የደም ሴል መቀነሱን፣ ጉበትና ኩላሊት መጎዳታቸውን ቀድሞ የሚናገረው ምርመራው ነው።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ሰው ሲያተኩሰው «ወባ ነው» ብሎ መዝጋት ልማድ ነው። ሜቶትሬክሴት የሚወስድ ሰው ካተኮሰው፣ አፉ ከቆሰለ ወይም ደረቅ ሳልና ትንፋሽ ማጠር ከመጣበት፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። የሚወስደውን መድኃኒት ስም ገና ካርድ ሲያወጣ ይናገር፤ ከወባው ጋር የደም ሴል ቆጠራም ይታይለት።