ድምፁ ተቆጥሮ ወንበሩ ሲጎድል፤ ከሌሶቶ ምርጫዎች ለማኅበር መሪዎች የሚሆን ትምህርት

እህል ከአውድማ ሲነሣ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ይሠራሉ። አንደኛው ስፍር ነው፤ ምርቱ በቁና እየተሰፈረ ስንት እንደሆነ ይታወቃል። ሁለተኛው ድልድል ነው፤ የተሰፈረው እህል ለየባለ ድርሻው ይከፋፈላል። ስፍሩ ያለ እንከን ተከናውኖ ድልድሉ ሊያደላ እንደሚችል ማንኛውም ገበሬ ያውቀዋል። ምርጫም እንዲሁ ነው። ድምፅ መቁጠር አንድ ሥራ ሲሆን፣ የተቆጠረውን ድምፅ ወደ ምክር ቤት ወንበር መለወጥ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። እነዚህን ሁለት ሥራዎች ለይቶ አለማየት የሚያስከትለውን ጥፋት በግልጽ ካዩት አገሮች አንዷ በደቡባዊ አፍሪካ የምትገኘው ሌሶቶ ናት።

ሌሶቶ ዙሪያዋን በደቡብ አፍሪካ የተከበበች ደጋማ ንጉሣዊት አገር ስትሆን፣ ስፋቷ 30 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የሕዝቧም ብዛት 2 ሚሊዮን ያህል ነው። አብዛኛው ሕዝብ በገጠር የሚኖር ሲሆን በቆሎ፣ ማሽላና ስንዴ ያመርታል፤ በግና ፍየል ያረባል። ወንዶቹም ለረጅም ዘመን ወደ ደቡብ አፍሪካ የማዕድን ጉድጓዶች ለሥራ ሲጓዙ ኖረዋል። የመንደር ጉዳይ «ፒትሶ» ተብሎ በሚጠራ ሕዝባዊ ሸንጎ ላይ ይመከርበታል። በመሆኑም የሌሶቶ ገበሬ ተሰብስቦ መምከርንና ሐሳብ መስጠትን ከአባቶቹ የወረሰው እንጂ አዲስ የተማረው አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት የሌሶቶ ምርጫዎች ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከነፃነት ወዲህ የተደረጉ ምርጫዎች

ሌሶቶ ከእንግሊዝ አገዛዝ ነፃ የወጣችው በ1966 ነው። የምርጫ ደንቧንም የወረሰችው ከእንግሊዝ ነበር። በዚህ ደንብ መሠረት አገሪቱ በምርጫ ክልሎች ትከፈላለች፤ በእያንዳንዱ ክልል ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘው ዕጩ ብቻ ወንበሩን ይወስዳል። ለተሸነፉት ዕጩዎች የተሰጠው ድምፅ ግን ወደ ምክር ቤቱ የሚገባበት መንገድ የለውም።

በ1970 በተደረገው ምርጫ ተቃዋሚው የባሶቶላንድ ኮንግረስ ፓርቲ አብላጫውን ወንበር ማግኘቱ ሲታወቅ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለአቡዋ ጆናታን ውጤቱን ሰርዘው ሕገ መንግሥቱን አገዱ። ይህ በስፍሩ ላይ የተፈጸመ በደል ነበር። በ1986 ደግሞ የጦር መኮንኖች ሥልጣን ያዙ። በዚህ ሁኔታ ሕዝቡ ለ23 ዓመታት ያህል መንግሥቱን በነፃ ድምፅ የመምረጥ ዕድል ሳያገኝ ቆየ። በመጨረሻም በመጋቢት 1993 ምርጫ ተካሄደ። የኮንግረስ ፓርቲው ከመቶው ድምፅ ወደ 75 እጅ የሚጠጋውን አገኘ፤ ከ65ቱ የምክር ቤት ወንበሮች ግን 65ቱንም ወሰደ። የባሶቶ ብሔራዊ ፓርቲ ከመቶው ድምፅ ከ22 እጅ በላይ ቢያገኝም አንድ ወንበር እንኳ አልደረሰውም።

በዚያን ጊዜ ጉዳዩን በጥሞና ያሰበበት ሰው ብዙ አልነበረም። አሸናፊው ከሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ በፊት የተነጠቀውን ድል በማግኘቱ ተደሰተ። ተሸናፊው ደግሞ «ድምፄ ተሰረቀ» አለ። የድልድሉ ደንብ ግን እንዳለ ቀረ።

60 እጅ ድምፅና 79 ወንበር

በ1997 የኮንግረስ ፓርቲው መሪ ንትሱ ሞኸኽሌ የሌሶቶ ዴሞክራሲያዊ ኮንግረስ የተባለ አዲስ ፓርቲ አቋቋሙ። በግንቦት 1998 በተደረገው ምርጫ ይኸው አዲስ ፓርቲ ከመቶው ድምፅ 60.7 እጁን አገኘ። የወንበሩ ቁጥር ወደ 80 ከፍ ብሎ ስለነበረ፣ ድልድሉ በድምፁ ልክ ቢሆን ኖሮ ለዚህ ፓርቲ የሚደርሰው 49 ወንበር ያህል ነበር። የወሰደው ግን 79 ነው። የባሶቶ ብሔራዊ ፓርቲ ከመቶው ድምፅ 24.5 እጁን አግኝቶ የደረሰው ወንበር 1 ብቻ ሲሆን፣ ከመቶው 10.5 እጁን ያገኘው የቀድሞው የኮንግረስ ፓርቲ ምንም ሳይደርሰው ቀረ። በድምሩ ከአሥር መራጮች ወደ አራት የሚጠጉት የመረጧቸው ፓርቲዎች በምክር ቤቱ ውስጥ የነበራቸው ድምፅ የአንድ ሰው ብቻ ሆነ።

ነገሩ በአንድ ማኅበር ሲታሰብ

ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት ጉዳዩን ወደ ገበሬ ማኅበር አምጥቶ ማየት ይቻላል። አምስት መንደሮች ያሉት አንድ ማኅበር አለ እንበል። በየመንደሩ 100 አባላት ሲኖሩ፣ እያንዳንዱ መንደር አንድ የኮሚቴ አባል ይመርጣል። አባላቱ በሁለት ሐሳብ ተከፍለዋል፤ ገሚሱ መጀመሪያ የመስኖ ቦይ ይቆፈር ሲል ሌላው መጀመሪያ የእህል ጎተራ ይሠራ ይላል። በእያንዳንዱ መንደር 60ው ለቦዩ፣ 40ው ለጎተራው ወገን ድምፅ ቢሰጡ፣ አምስቱም የኮሚቴ ወንበሮች በቦዩ ወገን ይያዛሉ። ከ500ው አባላት መካከል 200ው በኮሚቴው ውስጥ ወኪል አይኖራቸውም። ማንም ድምፅ አልሰረቀም፤ ቆጠራውም አልተዛባም።

አሁን ደግሞ እነዚሁ 200 የጎተራ ደጋፊዎች በየመንደሩ ተበትነው በመገኘት ፈንታ ሁሉም በሁለት መንደሮች ውስጥ የሚኖሩ ናቸው እንበል። የሰዎቹ ቁጥር ሳይጨምር ሁለት ወንበር ያገኛሉ። ስለዚህ በዚህ ዓይነቱ ደንብ ወንበር የሚገኘው በደጋፊ ብዛት ብቻ ሳይሆን ደጋፊው በሚኖርበት ቦታም ጭምር ነው ማለት ነው። በሌሶቶም የሆነው ይኸው ነው። የተቃዋሚዎቹ ደጋፊዎች በየክልሉ ተበትነው ስለነበር በየቦታው ሁለተኛና ሦስተኛ እየወጡ ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

የማሴሩ ቃጠሎ

የ1998 ውጤት እንደተነገረ ተቃዋሚዎቹ ምርጫው ተጭበርብሯል በማለት ተነሡ። በዋና ከተማው በማሴሩ ደጋፊዎቻቸው በንጉሡ ቤተ መንግሥት ደጃፍ ላይ ለሳምንታት ሰፈሩ። ጉዳዩን እንዲያጣራ በደቡብ አፍሪካዊው ዳኛ በፓየስ ላንጋ የሚመራ ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽኑ በምርጫው አፈጻጸም ላይ ጉድለቶች መኖራቸውን ቢገልጽም፣ ምርጫው ዋጋ የለውም ለማለት የሚያስችል የተረጋገጠ ማስረጃ ማግኘቱን አላስታወቀም። የሪፖርቱ መዘግየት ራሱ ጥርጣሬን አባባሰ። በሠራዊቱም ውስጥ ዝቅተኛ ማዕረግ ያላቸው መኮንኖች በአለቆቻቸው ላይ አመፁ። በመስከረም ወር 1998 የደቡብ አፍሪካ ጦር፣ አስከትሎም የቦትስዋና ጦር ወደ አገሪቱ ገባ። ውጊያ ተነሣ፤ ብዙ ሰዎችም ሞቱ። የማሴሩ የንግድ ማዕከል ተዘረፈ፤ ተቃጠለም።

ለዚህ ሁሉ ጥፋት ምክንያቱ አንድ ብቻ ነበር ማለት አይቻልም። ሆኖም አንድ ነገር ግልጽ ነው። ከአሥር አራት ያህል የሆነው መራጭ ከ80 ወንበር አንድ ብቻ ደርሶት ሲያይ «ተሰረቅሁ» ቢል አያስደንቅም። ክርክሩ ሁሉ ያተኮረው በስፍሩ ላይ ነበር፤ ጉድለቱ ጎልቶ የታየው ግን በድልድሉ ላይ ነው። ድምፁ አሥር ጊዜ በጥንቃቄ ቢቆጠርም እንኳ ደንቡ እስካልተለወጠ ድረስ ያው ዓይነት ውጤት መምጣቱ አይቀርም ነበር።

ደንቡ እንዴት ታረመ

በ1998 መጨረሻ ላይ በምርጫው የተወዳደሩት 12 ፓርቲዎች እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ሰው የወከሉበት 24 አባላት ያሉት ጊዜያዊ አካል ተቋቁሞ ስለ ምርጫው ደንብ መምከር ጀመረ። ምክሩ ብዙ ጊዜ ወሰደ። በመጨረሻም 80ዎቹ የምርጫ ክልሎች እንዳሉ ሆነው 40 የማሟያ ወንበሮች እንዲጨመሩ ስምምነት ላይ ተደረሰ። መራጩም ሁለት ድምፅ እንዲኖረው ተደረገ፤ አንዱ ለክልሉ ዕጩ፣ ሌላው ለሚደግፈው ፓርቲ።

አሠራሩን ወደ ማኅበሩ ምሳሌ መልሶ ማየት ይቻላል። በአምስቱ የመንደር ወንበሮች ላይ ሦስት የማሟያ ወንበሮች ተጨምረው ስምንት ይሁኑ። 500ው ድምፅ ለ8 ሲካፈል አንድ ወንበር ለ62 ወይም ለ63 ሰው ይደርሳል። የቦዩ ወገን በ300 ድምፁ 5 ወንበር ይገባዋል፤ አምስቱንም ከየመንደሩ አግኝቷል፤ ስለዚህ ከማሟያው አይጨመርለትም። የጎተራው ወገን በ200 ድምፁ 3 ወንበር ይገባዋል፤ ከመንደር ምንም ስላላገኘ ሦስቱ ማሟያዎች ለእርሱ ይሰጣሉ። ብዙኃኑ በ5 ለ3 ይመራል፤ ጥቂቶቹም በስብሰባው ላይ ይደመጣሉ።

በግንቦት 2002 ሌሶቶ በዚህ ደንብ መረጠች። ገዢው ፓርቲ ከመቶው ድምፅ 55 እጅ ያህሉን አግኝቶ ከምርጫ ክልሎቹ 79 ወንበር አሸነፈ። ይህም በድምፁ ልክ ከሚደርሰው በላይ ስለነበረ ከ40ው ማሟያ አንድም አልተሰጠውም። የባሶቶ ብሔራዊ ፓርቲ ግን ከመቶው ድምፅ 22.4 እጁን ይዞ 21 ወንበር ደረሰው። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ይህ ፓርቲ ከ1998ቱ ምርጫ ያነሰ እጅ ድምፅ አግኝቶ ሳለ ወንበሩ ከ1 ወደ 21 ከፍ ማለቱ ነው። በምክር ቤቱ ውስጥ አሥር ፓርቲዎች ተወከሉ። የ1998ቱ ዓይነት ቃጠሎም አልተደገመም።

የተበጀው አጥር ሲዘለል

አጥር አንድ ጊዜ ታጥሮ የሚተው ነገር አይደለም። በየካቲት 2007 በተደረገው ምርጫ ትላልቆቹ ፓርቲዎች የሁለቱን ድምፅ አሠራር የሚያልፉበት ብልሃት አገኙ። ገዢው ፓርቲ በክልሎቹ በራሱ ስም ተወዳድሮ 61 ወንበር ሲያሸንፍ፣ ደጋፊዎቹ የፓርቲ ድምፃቸውን ብሔራዊ ነፃነት ፓርቲ ለተባለው አጋሩ እንዲሰጡ አደረገ። አጋሩ ከክልል ምንም ወንበር ያላሸነፈ በመሆኑ ከ40ው ማሟያ 21ዱን ወሰደ። ዋናው ተቃዋሚም ከሌላ ትንሽ ፓርቲ ጋር ተመሳሳይ ስምምነት አድርጎ ነበር። በሁለት ስም አንድ ወገን ሆኖ የቀረበው የገዢው ጎራ በዚህ መንገድ ከ120ው ወንበር 82ቱን ያዘ።

በማኅበሩ ምሳሌ ሲታይ፣ የቦዩ ወገን ለመንደር ወንበር በአንድ ስም፣ ለማሟያው ደግሞ በሌላ ስም ቀርቦ ከስምንቱ ወንበር ሰባቱን እንደመውሰድ ነው። የደንቡ ፊደል አልተጣሰም፤ ዓላማው ግን ከንቱ ሆነ። ይህም እንደገና ብዙ ክርክር አስነሣ፤ የቀድሞው የቦትስዋና ፕሬዚዳንት ኬቱሚሌ ማሲሬም ለሽምግልና ተጠሩ። በመጨረሻ በ2011 ሕጉ ተሻሽሎ መራጩ አንድ ድምፅ ብቻ እንዲሰጥ፣ ያም ድምፅ ለክልሉም ለፓርቲውም እንዲቆጠር ተደረገ። ቀዳዳውም በዚሁ ተደፈነ።

በግንቦት 2012 በተደረገው ምርጫ በጠቅላይ ሚኒስትር ፓካሊታ ሞሲሲሊ የሚመራው አዲስ ፓርቲ 48 ወንበር አግኝቶ ከሁሉም ቢበልጥም ግማሹን አልሞላም። 30፣ 26 እና 5 ወንበር ያገኙት ሦስት ፓርቲዎች ተባብረው 61 ሲሞሉ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣናቸውን በሰላም አስረከቡ።

አዲሱ ደንብ ግን ችግርን ሁሉ አላስወገደም። ጥምር መንግሥታት ቶሎ ቶሎ እየፈረሱ የአምስት ዓመቱ ዘመን ሳይሞላ በ2015 እና በ2017 እንደገና ምርጫ መጥራት ግድ ሆኗል። በጥቅምት 2022 በተደረገው ምርጫ ደግሞ ድምፅ የሰጠው ከተመዘገበው መራጭ ከመቶ 37 እጅ ያህሉ ብቻ ነበር። በዚያ ምርጫ በነጋዴው ሳም ማቴካኔ የሚመራው አዲስ ፓርቲ 56 ወንበር አግኝቶ ከሌሎች ሁለት ፓርቲዎች ጋር መንግሥት መሠረተ። ድልድሉ ቢስተካከልም እህሉን ወደ አውድማው የሚያመጣው ሰው ከቀነሰ ሥራው ጎዶሎ መሆኑን ይህ ቁጥር ያስገነዝባል።

ለማኅበር መሪዎች

በኢትዮጵያም የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 ላይ በአንድ የምርጫ ክልል አብላጫ ድምፅ ያገኘ ተወዳዳሪ አሸናፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። በብዙ ማኅበራትም የኮሚቴ ምርጫ የሚካሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ይህ ደንብ የራሱ ጥቅም አለው። አባሉ ወኪሉን በስምና በመልክ ያውቀዋል፤ ካላገለገለውም ደጁ ድረስ ሄዶ ይጠይቀዋል። ጉዳቱን ግን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ስለሆነም አንድ የማኅበር መሪ የአገር አቀፍ ምርጫ ውጤት በሬዲዮ ሲሰማ ወይም የራሱን ማኅበር ምርጫ ሲያስፈጽም አራት ቁጥሮችን ለይቶ ቢጽፍ ይጠቀማል። እነዚህም የተመዘገበው ሰው ብዛት፣ ድምፅ የሰጠው ሰው ብዛት፣ እያንዳንዱ ወገን ያገኘው ድምፅ እና እያንዳንዱ ወገን የያዘው ወንበር ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሕዝቡ ምን ያህል እንደተሳተፈ ያሳያሉ። ሦስተኛው ስፍሩን፣ አራተኛው ድልድሉን ያሳያል። በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ሰፊ ልዩነት ከታየ፣ «ሌባ» ተባብሎ ከመካሰስ በፊት ደንቡን አውጥቶ ማንበብ ይገባል። ስፍሩ ከጎደለ የሚፈለገው መዝገብና ምስክር ነው፤ ድልድሉ ካደላ ግን የሚፈለገው ተሰብስቦ ደንቡን ማሻሻል ነው።

ከሁሉም በላይ ደንቡ መመከር ያለበት ከምርጫው በፊት፣ ማን እንደሚያሸንፍ ገና ሳይታወቅ ነው። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው። የማሴሩ ሰዎች ደንባቸውን ለማስተካከል የተቀመጡት ሱቆቹ ከተቃጠሉ በኋላ ነበር።