የማዘርቦርዱ፣ የገዢው ወይስ የመሥሪያ ቤቱ? ከዊንዶውስ ፈቃዶች ጋር ትውውቅ

ያገለገለ ላፕቶፕ የሚሸጥ ነጋዴ «ዊንዶውሱ ኦሪጅናል ነው፤ አክቲቬት ሆኗል» ሲል ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። ገዢው ግን አንድ ጥያቄ ቢጨምር ይጠቀማል፦ ፈቃዱ የተሰጠው ለማን ነው? የማይክሮሶፍት ፈቃዶች በዋናነት የሚለያዩት በዚህ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ዊንዶውስ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ልዩነቱ የሚታወቀው አንድ ነገር ሲበላሽ ወይም የሆነ ጊዜ ሲያልቅ ነው።

ሶፍትዌር የገዛ ሰው የፕሮግራሙ ባለቤት አይሆንም፤ የከፈለው በውሉ ልክ ለመጠቀም ነው። ዊንዶውስ ስንጭን ሳናነብ «እስማማለሁ» ብለን የምናልፈው ረጅም ጽሑፍ ይኸው ውል ነው። በኢትዮጵያም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ ከሚሰጣቸው ሥራዎች አንዱ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው።

አብዛኞቻችን እጅ ያለው ፈቃድ ኦኢኤም ይባላል። እንደ ኤችፒ፣ ዴልና ሌኖቮ ያሉ አምራቾች ከማይክሮሶፍት ጋር ተዋውለው ዊንዶውስን ከፋብሪካ ጭነው ይሸጣሉ፤ የፈቃዱም ዋጋ ከማሽኑ ዋጋ ጋር ተደምሯል። በዊንዶውስ 7 ዘመን ባለ 25 ፊደልና ቁጥር ቁልፉ በላፕቶፑ ጀርባ በተለጠፈ ስቲከር ላይ ይታይ ነበር። ስቲከሩ እየተፋቀ ሲደበዝዝ ቁልፉን ማንበብ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2012 ዊንዶውስ 8 ሲወጣ ግን አምራቾቹ ቁልፉን ማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ መጻፍ ጀመሩ። ስለዚህ እንዲህ ያለው ላፕቶፕ ፎርማት ተደርጎ ያው ኤዲሽን፣ ማለትም ሆም ከነበረ ሆም፣ ፕሮ ከነበረ ፕሮ ሲጫንበት ቁልፍ አይጠይቅም። ራሱ ከቺፑ አንብቦ ኢንተርኔት ሲያገኝ አክቲቬት ይሆናል። ይህን የማያውቅ ሰው ላፕቶፑን ፎርማት ሲያስደርግ «የቁልፍ» ተብሎ ተጨማሪ ገንዘብ ከተጠየቀ፣ ቀድሞ የከፈለበትን ነገር ዳግም ይገዛል። ይህ ዘወትር ያናድደኛል።

የኦኢኤም ፈቃድ ሕይወቱ ከማዘርቦርዱ ጋር የታሰረ ነው። ራም ቢጨመር፣ ሃርድ ዲስክ ቢቀየር ምንም አይሆንም። ማዘርቦርዱ ተበላሽቶ አምራቹ በዋስትና ሲተካውም ፈቃዱ ይቀጥላል። ወደ ሌላ ኮምፒውተር ማዛወር ግን ውሉ አይፈቅድም። ለአሮጌ ላፕቶፕ ገዢ ይህ መልካም ዜና ነው፤ ማሽኑ ሲሸጥ ፈቃዱም አብሮት ይሸጣልና። ከአሜሪካም ይምጣ ከዱባይ፣ ለውጥ የለውም።

ሪቴይል የሚባለው ለብቻው የሚገዛ ነው። በአሜሪካ ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 11 ሆምን በ139 ዶላር፣ ፕሮን በ199 ዶላር ሲሸጥ ቆይቷል። ውድ ነው፤ ሆኖም ባለቤቱ ከአሮጌው ኮምፒውተር አንሥቶ ወደ አዲሱ ሊወስደው ይችላል፤ በአንድ ጊዜ በአንድ ማሽን ላይ ብቻ እስከሆነ ድረስ። ኮምፒውተሩን ራሱ ለሚገጣጥም ሰው የምመክረው ይህንኑ ነው።

ጥንቃቄ የሚፈልገው ሦስተኛው፣ ቮልዩም የሚባለው የድርጅቶች ፈቃድ ነው። ባንክ ወይም ዩኒቨርሲቲ በመቶ የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን አንድ በአንድ አክቲቬት ከማድረግ ይልቅ በራሱ ኔትወርክ ላይ ኬኤምኤስ የተባለ ሰርቨር ያቆማል። ሰርቨሩ ሥራ የሚጀምረው ቢያንስ 25 ኮምፒውተሮች ሲጠይቁት ነው፤ የሚሰጠውም አክቲቬሽን 180 ቀን ይቆያል። ኮምፒውተሩ በየ7 ቀኑ ሰርቨሩን እያገኘ ቀኑን ያድሳል። እንግዲህ በጨረታ የተሸጠ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ከዚያ ኔትወርክ ሲወጣ የሚያድስለት የለም። ገዢው ቤት ደርሶ ለወራት ያለ ችግር ይሠራል፤ ከዚያ «ዊንዶውስን አክቲቬት ያድርጉ» የሚል ጽሑፍ በስክሪኑ ጥግ ብቅ ይላል። ፈቃዱ ቀድሞውኑ የድርጅቱ ነበር።

ዊንዶውስን ያለ ፈቃድ አክቲቬት ለማድረግ በየሱቁ የሚዞሩት ብዙዎቹ መክፈቻ ፕሮግራሞች የሚያደርጉት ይህን ሰርቨር ማስመሰል ነው፤ ኮምፒውተሩን የድርጅት ኔትወርክ ውስጥ ያለ ያስመስሉታል። ሕገወጥ ከመሆናቸውም በላይ እንዲጫኑ አንቲቫይረሱን አጥፉ ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ከእነዚሁ አንዱ በሆነው ኬኤምኤስፒኮ ስም የይለፍ ቃልና የክሪፕቶ ቦርሳ የሚሰርቅ ቫይረስ ሲሰራጭ ተደርሶበታል።

ከማይክሮሶፍት ውጭ ነገሩ ቀላል ነው። ማክኦኤስ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ በነጻ ይታደላል፤ ውሉ የሚፈቅደው ግን በአፕል ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። እንደ ኡቡንቱ ያለ ሊኑክስ ደግሞ ያለ ክፍያ በፈለጉት ማሽን ላይ ይጫናል፤ ቁልፍ የሚባል ነገርም የለውም።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሱቁ ውስጥ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና አር ፊደልን አንድ ላይ ይጫኑ። በሚመጣው ሳጥን ኤስ፣ ኤል፣ ኤም፣ ጂ፣ አር ብለው፣ ክፍተት ትተው፣ ስላሽ አስከትለው ዲ፣ ኤል፣ አይ ይጻፉ። የሚወጣው መስኮት የፈቃዱን ዓይነት ይናገራል። «ኦኢኤም» ካለ ከማሽኑ ጋር የመጣ ነው። «ሪቴይል» ካለ ደረሰኙን ይጠይቁ፤ በነጻ ወደ 10 ወይም ወደ 11 ያደገ ዊንዶውስም ሪቴይል ሊል ስለሚችል ቃሉ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። «ቮልዩም ኬኤምኤስ» ካለ ከሥሩ የቀሩት ቀናት ተቆጥረው ይታያሉ። ያኔም ግዢውን ለመተው አይቸኩሉ። የድርጅቶች የዊንዶውስ ፈቃድ በነበረ ፈቃድ ላይ የሚደረብ ማሻሻያ ስለሆነ፣ ከፋብሪካ የመጣው ቁልፍ አብዛኛውን ጊዜ ቺፑ ውስጥ አለ። ሻጩ ፎርማት አድርጎ ላፕቶፑ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ኤዲሽን ያለ መክፈቻ ፕሮግራም እንዲጭንልዎ ይጠይቁ፤ ኢንተርኔት ሲያገኝ በራሱ አክቲቬት ከሆነ ይክፈሉ።