ለቢቸናና ለሞጣ ተማሪዎች የሚገባ የኮምፒዩተር ቱርጁማን

በቀድሞ ዘመን የውጭ አገር ሰው ከመኳንንት ጋራ ሲነጋገር በመካከል ቆሞ ቃሉን የሚያስተላልፈው ሰው ቱርጁማን ይባል ነበር። ኮምፒዩተርም በባሕርዩ የሚያውቀው በሁለት ምልክት የተጻፈ ትእዛዝን ብቻ ስለ ሆነ ቱርጁማን ያስፈልገዋል። ሰው በቃል የጻፈውን እያነበበ ወዲያው የሚያስፈጽመው ይህ ቱርጁማን ኢንተርፕሬተር ይባላል። ብዙ ሰዎች የታላላቅ ከተማ ሊቃውንት ሥራ ብቻ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ታናሹን ዐይነት በቢቸና ወይም በሞጣ ያለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ጥቂት ሳምንት ቢደክምበት ሊፈጽመው ይችላል።

የዚያ አገር ልጅ ለዚህ ሥራ የቀረበ ርስት አለው። ከቢቸና አጠገብ ባለው በዲማ ጊዮርጊስ፥ በሌሎቹም የጎጃም የቅኔ ጉባኤያት ተማሪ ግሱን፥ እርባ ቅምሩን፥ አገባቡንም ያጠናል። ቱርጁማኑም አስቀድሞ ፊደሉን ሰብስቦ ቃልን ከቃል ይለያል፤ ቀጥሎ አገባቡን ይመረምራል፤ በመጨረሻም የታዘዘውን ይፈጽማል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ኮምፒዩተር ሰሙን እንጂ ወርቁን አያውቅም።

ተማሪውን የሚያሰናክለው የትእዛዙ ቃል እንግሊዝኛ መሆኑ ነው። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ሲጀመር ትምህርቱ በኢንተርኔት እንዲሰጥ ተደረገ፤ መልካም ሥራ ነው። ሆኖም እንግሊዝኛው የደከመ ልጅ አእምሮውም የደከመ እየመሰለ ይቀራል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት ዶክተር ግሬስ ሆፐር በአሜሪካ ትእዛዙን በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ቃል አድርገው ቢያሳዩ፥ አለቆቻቸው በአሜሪካ የተሠራ መሣሪያ ፈረንሳይኛ ሊሰማ አይችልም ብለው ደነገጡ። መሣሪያው ግን እንግሊዝኛንም ቢሆን ከቶ አያውቅም።

እንዲያውም አማርኛ ለጀማሪ ይቀልላል፤ ግሱ በመጨረሻ ይገኛልና። ተማሪው «3 4 ደምር 2 አባዛ» ብሎ ይጻፍ። ቱርጁማኑ 3ን ያስቀምጣል፥ 4ን በላዩ ይደርባል፤ «ደምር» ሲል ሁለቱን አንሥቶ 7ን ይተካል፤ 2ን ደርቦ «አባዛ» ሲል 14 ይሆናል። ነገሩ እንደ እንጀራ ቍልል ነው፤ በመጨረሻ የተደረበው አስቀድሞ ይነሣል። በተለመደው የሒሳብ አጻጻፍ ግን ቅንፍ ካልገባ ማባዛቱ ስለሚቀድም 3 ሲደመር 4 ሲባዛ በ2፥ 11 ይሆናል። ይህ ግሱን የሚያስከትል ሥርዐት እንግዳ አይደለም፤ ቻርልስ ሙር የተባሉት አሜሪካዊ በ1970 ገደማ ፎርዝ የሚባለውን ቋንቋ በዚሁ አቁመውታል። መብራት በሌለበትም ቀን ቍልሉን በወረቀትና በእርሳስ መፈተን ይቻላል።

የበለጠው ችግር ከፊደል ይመጣል። የኢትዮጵያ ፊደል በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ወደ ዩኒኮድ መዝገብ ከገባ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቍጥር አለው። ስለዚህ ተማሪው በአንድ ስፍራ «ፀሐይ»፥ በሌላው «ጸሀይ» ቢል ቱርጁማኑ አላውቅም ይላል። በግእዝ ሠረቀ ወጣ፥ ሰረቀ ግን ሌባ ሆነ ማለት እንደ ሆነ የሚያውቅ ካህን በዚህ ጥንቃቄ ደስ ይለው ይሆናል። ነገር ግን የትእዛዙን ቃል በማናቸውም ፊደል ቢጻፍ አንድ አድርጎ መቀበል፥ ሰው ያስገባውን ጽሑፍ ግን ሳይነኩ ማኖር ይሻላል።

መልሱን በግእዝ አኃዝ ላውጣ የሚል ተማሪ ደግሞ «5 5 ቀንስ» ያለ ጊዜ ይቸገራል፤ በግእዝ አኃዝ ዜሮ የለምና። እንግዲህ «አልቦ» ብሎ በቃል ይጽፍ ወይም የአረቡን አኃዝ ይዋስ እንደ ሆነ፥ ከመምህሩ ጋራ ከመሪጌታውም ቢማከር ነውር የለበትም።