ከሌላ ቦታ የሚመጣ የጆሮ ሕመም

ጆሮውን ያመመው ሰው የሕመሙ መነሻ ጆሮው ስለመሆኑ አይጠራጠርም፤ ይሁን እንጂ ሐኪሙ በኦቶስኮፕ፣ ማለትም ብርሃንና ማጉያ መነጽር ባለው የጆሮ መመልከቻ መሣሪያ፣ ሲመረምረው መተላለፊያው ያልቀላ፣ ታምቡሩም ያልተቆጣ ጤናማ ጆሮ የሚያገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በአንድ የሰውነት ክፍል ተነሥቶ በሌላው የሚሰማ እንዲህ ያለ ሕመም ተላላፊ ከሚባለው በሽታ ጋር እንዳይምታታ «ተሻጋሪ ሕመም» ቢባል ይሻላል።

ጆሮ ትንሽ አካል ቢሆንም ስሜቱን ወደ አንጎል የሚያደርሱት አምስተኛው፣ ሰባተኛው፣ ዘጠነኛውና ዐሥረኛው የራስ ቅል ነርቮች፣ እንዲሁም ከሁለተኛውና ከሦስተኛው የአንገት ነርቮች የሚወጡ ቅርንጫፎች ናቸው። እነዚህ ነርቮች ግን ለጆሮ ብቻ የቆሙ አይደሉም፤ አምስተኛው የመንጋጋንና የጥርስን፣ ዘጠነኛው የቶንሲልንና የምላስ ሥርን ስሜት ሲያደርስ፣ ዐሥረኛው ከማንቁርት አልፎ እስከ ደረትና ሆድ ዕቃ ይዘልቃል። ከየአቅጣጫው የሚመጣው መልእክት በአንጎል ግንድና በላይኛው ኅብለ ሰረሰር በተቀራረበ ስፍራ ስለሚገናኝ፣ አንጎል መነሻውን መለየት ይሳነውና ሕመሙን ለጆሮ ይሰጠዋል። የዐሥረኛው ነርቭ የጆሮ ቅርንጫፍ በጀርመናዊው የአካል አወቃቀር ሊቅ በፍሪድሪክ አርኖልድ (1803–1890 እ.ኤ.አ.) ስም የሚጠራ ሲሆን፣ አንዳንድ ሰው ጆሮው ሲጸዳ ወይም ሲነካ ድንገት ሳል የሚይዘው በዚሁ ቅርንጫፍ ምክንያት ነው።

ከተለመዱት መነሻዎች መካከል የበሰበሰ የመንጋጋ ጥርስና የመንጋጋ መጋጠሚያ ችግር ይገኛሉ፤ መጋጠሚያው የታመመ ሰው ጣቱን ከጆሮው ፊት ለፊት አድርጎ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ቦታው ሊያመው ወይም ቀጭ ሲል ሊሰማው ይችላል። ቶንሲሉ በቀዶ ሕክምና የወጣለት ልጅም በማግስቱና በቀጣዮቹ ቀናት ምራቁን በዋጠ ቁጥር ጆሮዬን ሊል ይችላል፤ ሕመሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከጉሮሮው ቁስል ነው። በእነዚህ ሁሉ የጆሮ ጠብታም ሆነ የሞቀ ዘይት ፋይዳ የለውም፤ ይልቁንም እውነተኛው በሽታ ሳይታይ ጊዜ ያልፋል።

ይህ መዘግየት በአዋቂዎች ላይ የከፋ ሊሆን ይችላል፤ የምላስ ሥር፣ የጉሮሮና የማንቁርት ካንሰር አንዳንድ ጊዜ በአንድ ጆሮ ሕመም ይጀምራልና። ስለዚህ ጆሮው ጤናማ ሆኖ ሳለ የአንድ ወገን ሕመሙ ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየበት አዋቂ፣ በተለይም ሲጋራ የሚያጨስ ወይም ድምፁ የጎረነነ፣ መዋጥ ያስቸገረው አልያም አንገቱ ላይ እብጠት ያየ፣ ጉሮሮውን በጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ሳይዘገይ ማስመርመር ይገባዋል።