ቧንቧው ሲደርቅ ሰው ከሰው ጋር እንዴት ይኖራል?

በጉለሌ ለምንኖር ሰዎች ውሃ በፈረቃ መምጣቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ሌሊት የቧንቧውን ድምፅ ሰምታ ተነሥታ በርሜልና ጀሪካን የምትሞላው ብዙውን ጊዜ እናት ወይም ሴት ልጅ እንደሆነች ታውቃላችሁ። ስለዚህ ስለ ውሃ እጦት የተጻፈ ልብ ወለድ እጃችሁ ቢገባ፣ እንደ ሩቅ አገር ወሬ አታነቡትም።

አሜሪካዊው ደራሲ ኒል ሹስተርማን ከልጁ ከጃሮድ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመው «ድራይ»፣ ማለትም «ደረቅ» የተሰኘው መጽሐፍ ከዚህ ወገን ነው። በካሊፎርኒያ ቧንቧው ድንገት ይደርቃል። የ16 ዓመቷ አሊሳና ታናሽ ወንድሟ፣ ወላጆቻቸው ውሃ ፍለጋ ወጥተው ሳይመለሱ ስለሚቆዩባቸው፣ ነፍሳቸውን ለማትረፍ ይንከራተታሉ። ትናንት ሰላምታ ይለዋወጥ የነበረ ጎረቤት በጥቂት ቀን ውስጥ እርስ በርሱ ይፋጃል። አስቀድሞ ብዙ ያከማቸው ቤተሰብ እንኳ ግንቡና መሣሪያው ከሰፈርተኛው ቁጣ አላዳነውም። የመጽሐፉ ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው።

ታሪኩ ፈጠራ ቢሆንም ሥጋቱ እውነት ነው። በዚያው በ2018 የደቡብ አፍሪካዋ ኬፕ ታውን ለአንድ ሰው በቀን ከ50 ሊትር በላይ እንዳይጠቀም ወስና ነበር። ይህም ሁለት ጀሪካን ተኩል ያህል ነው። ነዋሪው ስለቆጠበና ዝናቡም ስለደረሰ ቧንቧው ሳይዘጋ ቀረ። የእኛም ከተማ ገፈርሳን እ.ኤ.አ. በ1944፣ ለገዳዲን በ1970፣ ድሬን በ1999 ብትገነባም፣ የሕዝቡ ቁጥር ከግድቦቹ ቀድሞ አድጓል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ የመጠጡን ውሃ ከማጠቢያው ለይታችሁ፣ በታጠበና በተከደነ ዕቃ አኑሩ፤ ንጽሕናው ካጠራጠራችሁ አፍሉት። ሁለተኛ፣ ውሃ መቅዳትና መሸከም የሴት ልጅ ዕጣ ብቻ አይሁን፤ ወንዶች ልጆችና አባቶችም ተራ ይግቡ። የቀጨኔ ሴቶች እንስራ የሚሠሩት ለአንዲት ጀርባ ብቻ ተብሎ አይደለም። ሦስተኛ፣ ሮቶ ያላችሁ ከሌላቸው ጎረቤቶች ጋር፣ በተለይም አራስና ሕመምተኛ ካለበት ቤት ጋር፣ ውሃው ሳይጠፋ ተነጋገሩ።

መጽሐፉ ጨካኝ ትዕይንቶች ስላሉበት ለሕፃናት አይሆንም። ለአካለ መጠን የተቃረቡ ልጆቻችሁ ሲያነቡት ግን አብራችሁ አንብቡ፤ «አንተ ብትሆን የመጨረሻዋን ጣሳ ለማን ትሰጣለህ?» ብላችሁም ጠይቋቸው። መልሱ በጥም ቀን ሳይሆን ዛሬ፣ እንስራው ሙሉ ሳለ፣ ቢታሰብበት ይበጃል።